ደባልና ዋና ተከራይ፦ የማስለቀቅ ክርክሩ በምን ይዳኝ?

በአዲስ አበባ በቀበሌ ቤት የሚኖር ዋና ተከራይ ደባሉን ለማስወጣት ፍርድ ቤት ሲሄድ የሚቀናው አቤቱታ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ይዞታው የተወሰደበት ወይም የታወከበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ተከሳሹም ለድርጊቱ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ ይረታል። መንገዱ አጭር ነው፤ ለጉዳዩ ግን አይገጥምም። ደባል በር ሰብሮ የገባ ሰው አይደለም። በስምምነት ገብቶ፣ ወር በመጣ ቁጥር እየከፈለ፣ አንዳንዴም በኮምፔርሳቶ የተከፈለችውን ክፍል በራሱ ገንዘብ አድሶ የኖረ ነው። ትናንት ኪራይ የተቀበለው ሰው ዛሬ «ሁከት ፈጠረብኝ» ሲል ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ይዞታን እንጂ በሁለቱ መካከል የነበረውን ግንኙነት አይደለም።

የደባልነት ምንጭ ራሱ የኪራይ ቁጥጥሩ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ዝቅተኛውን ኪራይ እስከ 50 በመቶ ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠውን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ፤ ግለሰብም ከቤት ኪራይ ገቢ እንዳያገኝ ከለከለ። የቀበሌ ኪራይ ለአስርት ዓመታት ባለበት ሲቆም የገበያው ኪራይ ርቆ ሄደ። በሁለቱ መካከል የተፈጠረውን ልዩነት የያዘው ዋናው ተከራይ ነው። አንዲት ክፍል ለደባል የሰጠች ባልቴት ከዚያ የምታገኘው ገንዘብ ለቀበሌው ከምትከፍለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ መተዳደሪያዋም ያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክርክሩን የጨካኝ አከራይና የምስኪን ተከራይ ታሪክ አድርጎ ማየት ያሳስታል። በሁለቱም ወገን ያለው ድኻ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በመርህ ደረጃ ተከራይ የተከራየውን ቤት በሙሉ ወይም በከፊል ለሌላ ሰው ማከራየትን አይጠላም። የቀበሌ ቤትን ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ግን የተከለከለ ነው። ክልከላው ደባሉን ለሁለተኛ ጊዜ ይጎዳዋል፤ በሕጉ ቁጥር 1808 መሠረት ሕገ ወጥ ውልን ማንኛውም ተዋዋይ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላልና። ዋናው ተከራይ ለዓመታት ሲጠቀምበት የኖረውን ውል፣ የተሻለ ከፋይ ሲያገኝ፣ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ያፈርሰዋል። ቁጥር 1815 ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ያዛል፤ የተኖረበት ዘመን ግን አይመለስም፤ ለእድሳት የወጣውም ገንዘብ ደረሰኝ ስለሌለው በማስረጃ እጦት ይቀራል።

ለደባል ጥበቃ መስጠት የመንግሥትን ቤት ለትርፍ የሚያከራየውን ሰው ማበረታታት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት ቢኖረውም ሁለት ጥያቄዎችን ይቀላቅላል። ክልከላውን የጣሰው ዋናው ተከራይ ስለሆነ ቅጣቱ በእርሱና በአስተዳደሩ መካከል የሚታይ ነው። ደባሉ በስንት ጊዜ ውስጥ ይልቀቅ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውሉ ፈራሽ መሆኑም መልስ አይሰጠውም። አሁን ባለው አሠራር ቅጣቱ የሚያርፈው ከጥሰቱ ባልተጠቀመው ላይ ነው።

መጋቢት 17 ቀን 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ችግሩን በሌላ መልክ ሊደግመው ይችላል። አዋጁ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በሚታወጅ መጠን ብቻ እንዲሆን ያስገድዳል። የተቃኘው ግን በአንድ አከራይና በአንድ ተከራይ ላይ ነው። በግል ቤቶች ውስጥ ሙሉ ቤት ተከራይቶ ክፍሎቹን ለሌሎች የሚያካፍል ሰው ጥቂት አይደለም። ጭማሪው ሲገደብ የእርሱ ኪራይ ከገበያው እየራቀ ይሄዳል፤ ደባል ላይ ግን የገበያውን ዋጋ መጠየቁ አይቀርም። የ1967ቱ ልዩነት በጠባቡ እንደገና ይፈጠራል ማለት ነው።

ስለዚህ በወረዳ የሚካሄደው የውል ምዝገባ ከዋናው ተከራይ ጋር አብሮ የሚኖረውን የተከራይ ተከራይም ሊያካትት ይገባል። የደባሉ መብት ከዋናው ተከራይ ዘመን አይረዝምም፤ በዚያ ዘመን ውስጥ ግን ለእርሱ አከራዩ ዋናው ተከራይ ነውና የጭማሪው ገደብም ሆነ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ዋናውን ተከራይ ሊያስገድደው ይገባል። በቀበሌ ቤት ደግሞ ፍርድ ቤቶች «ሁከት» የሚለውን ስያሜ አልፈው ኪራይ ሲከፈል እንደነበረ በምስክርም ቢሆን ሊያጣሩ፣ ከተረጋገጠም የልቀቅ ትእዛዙን ሌላ ማደሪያ ለመፈለግ ከሚበቃ ጊዜ ጋር ሊሰጡ ይችላሉ።