ለትርፍ ያልቆመ ወይስ ለኪሳራ የቆመ?

ለመሆኑ «ለትርፍ ያልተቋቋመ» ማለት ምን ማለት ነው? ትርፍ አይከፋፈልም ማለት ነው ወይስ የቤት ኪራይም አይከፈልም?

ይህን የሚያስጠይቀኝ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ያየኋት አንዲት ትንሽ የቻይንኛ ቋንቋ ማስተማሪያ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ነገ አጣሪ እንዲላክባት አልፈልግም። ያላት አንዲት የኪራይ ክፍል ነች። ቀን ጸሐፊዋ ደረሰኝ ትቆርጥባታለች። ማታ ጠረጴዛው ወደ ጥግ ይገፋና ከሥራ የወጡ ወጣቶች ገብተው «ኒ ሃው» ይላሉ። ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ! ቻይናዎች የሠሩት የከተማ ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ጦር ኃይሎች ድረስ መጥቷል፤ ቋንቋቸውን የቻለ ደግሞ በየግንባታው በአስተርጓሚነት እንጀራ ይበላል።

እንግዲህ አዋጁን እንየው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ኢንተርኔት፣ የኦዲት ክፍያ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። የመምህሩ ደመወዝ የዓላማው ሥራ ስለሆነ ከዚህ ውጭ ነው፤ ይሁን፣ መልካም። ታዲያ ያቺ ክፍል ቢሮ ናት ወይስ መማሪያ? ኪራይዋ በየትኛው ዓምድ ይጻፍ? እኔ ኦዲተር ብሆን እስክሪብቶዬን ጥዬ እወጣ ነበር!

እስቲ በጣት እንቁጠረው። በዓመት 300 ሺህ ብር ለሚገባለት ትምህርት ቤት ለአስተዳደር የተፈቀደለት 60 ሺህ፣ በወር 5 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ኪራዩ? ጸሐፊዋ? ኦዲተሩ? ገንዘቡ በዶላር ለሚጎርፍለት ድርጅት ግን ያው 20 በመቶ ባለመኪና ያደርገዋል። ዝሆንንም ጉንዳንንም በአንድ ቁና መስፈር ይሏል ይህ ነው።

ቻይና የምትደግፋቸው ማዕከሎች ደግሞ ኪራይ የሚባል ጣጣ አያውቁም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ውሰዱ። የእነዚህ ተቋማት የተለመደ አሠራር አስተናጋጁ ክፍል ሲሰጥ ቻይና መምህርና መጽሐፍ መላክ ነው። አልመቀኛቸውም፤ ያስተምሩ። ግን የአየር ጤናው ልጅ ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ ስድስት ኪሎ የሚደርሰው ስንት ሰዓት ነው?

ማስተማሪያዎቹም ቢሆኑ ጻድቃን አይደሉም። «ለትርፍ ያልተቋቋመ» የሚል ታፔላ ሰቅሎ የገንዘብ መዝገቡን በቁልፍ የሚዘጋ ሞልቷል። ገቢና ወጪያቸውን በር ላይ ይለጥፉ፤ ከፋዩ ተማሪ ያንብበው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም የአንዲት ክፍል ኪራይ ለቢሮና ለትምህርት እንዴት እንደሚካፈል በግልጽ ጽፎ ይስጣቸው። በቃል አይደለም፣ በማኅተም!