ስለ ድንጋይ ከሰልና ስለ ፍላቂት ምድጃ

እሳት ለሰው ልጅ ከእህልና ከውሃ ቀጥሎ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ዱቄት ያለ እሳት እንጀራ አይሆንም፤ ብረት ያለ እሳት ማረሻ አይሆንም፤ ድንጋይም ያለ እሳት ሲሚንቶ አይሆንም። ስለዚህ አንድ አገር እሳቱን ከወዴት እንደሚያገኝ፣ ነገም እንዳይጠፋበት ምን እንዳዘጋጀ መመርመር የመንግሥት ሁሉ ተቀዳሚ ሥራ ነው። በወንጌል የተነገረላቸው አምስቱ ልባሞች ደናግል የተመሰገኑት መብራት ስለ ያዙ አይደለም፤ መብራቱንማ ዐሥሩም ይዘው ነበር። የተመሰገኑት ለመብራቱ ዘይት ስላዘጋጁ ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ የዚህ ዘይት ነገር ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወደ ድንጋይ ከሰል ያመራል። የድንጋይ ከሰል በአገሪቱ ምድር ውስጥ መኖሩ የታወቀ ነው፤ በያዩ፣ በዴልቢና በሞዬ፣ በጭልጋ፣ በሙሽ ሸለቆ፣ በወሎም በውጫሌ ይገኛል። ሆኖም የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ብዙ ዓመት ሙሉ ከሰሉን ከደቡብ አፍሪካ በውጭ ምንዛሪ እየገዙ ሲያስመጡ ቆይተዋል። የአገር ውስጡ ከሰል አመድ የሚበዛበት በመሆኑ ሳይታጠብ ለፋብሪካው እቶን አለመመቸቱ አንዱ ምክንያት ነው። በቅርብ ዓመታት መንግሥት ከሰሉ በአገር ውስጥ ተቆፍሮና ታጥቦ የውጭውን እንዲተካ መነሣቱ የተገባ ሥራ ነው፤ በገዛ መሬት ያለውን ነገር ከባሕር ማዶ መግዛት ጥበብ አይደለምና።

ነገር ግን ከዚህ አልፈው የሚናገሩ አሉ። የእነርሱ አሳብ እንዲህ ነው፤ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከዐሥር እጅ ዘጠኝ እጅ የሚበልጠው የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ዝናም ሲጠፋ ውሃው ይጎድላል፤ ውሃው ሲጎድል መብራቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማቆም ይገባል ይላሉ። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ኃይል አንሶ መብራት በፈረቃ ሲታደል የነበረ መሆኑን ያልረሳ ሰው ሥጋቱ ከንቱ አለመሆኑን ያውቃል።

ቢሆንም የሌሎች አገሮች ታሪክ ሌላ ነገር ያስተምራል። ደቡብ አፍሪካ ከኤሌክትሪኳ ከዐሥር እጅ ስምንት እጅ ያህሉን የምታገኘው ከድንጋይ ከሰል ነው፤ ከሰሉም ከምድሯ አልጠፋም። እንዲህም ሆኖ በ2015 ዓ.ም. ሕዝቧ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት መብራት ሲጠፋበት ሰነበተ። ምክንያቱ የማመንጫዎቹ ማርጀትና የጥገናው መጓደል ነበር። እንግሊዝም በ1874 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የመጀመሪያውን የሕዝብ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ያቆመች ስትሆን፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. የመጨረሻውን ማመንጫዋን ዘጋች። እንግዲህ ከሰል ያለው ሁሉ ብርሃን አያገኝም፤ ከሰልን የተወም ሁሉ በጨለማ አይቀመጥም።

ክርክሩ ከመሠረቱ እንዲታይ ወደ ፍላቂት መመልከት ይጠቅማል። ፍላቂት ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ፣ ከጋሸና በስተ ምዕራብ፣ በመቄት ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ይህ ደጋ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውሃ የሚከፈልበት ነው። በስተ ሰሜን የሚዘንበው ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ በስተ ደቡብ የሚዘንበው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። የተከዜ ውሃ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን 300 ሜጋ ዋት ዐቅም ያለውን ማመንጫ ያዞራል። የዓባይም ውሃ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ይሞላል።

የደጋው ዝናም ሁለቱን ግድቦች ሲመግብ፣ የደጋው ምድጃ ግን እስከ ዛሬ የሚነደው በባሕር ዛፍ፣ በጭራሮና በኩበት ነው። በዚህ አገር ከሰል ሲባል ገበሬው የሚያስበው ከመሬት የሚቆፈረውን አይደለም፤ ከዛፍ የሚከሰለውን ነው። የዛፍ ከሰል በአፈር ተሸፍኖ ሲከሰል የእንጨቱ አብዛኛው ኃይል በጭስ ይጠፋል። ኩበቱም ሲነድ ለእርሻ ሊሆን የሚገባው ፍግ አመድ ይሆናል፤ ገበሬውም ያጣውን ፍግ በጅቡቲ በኩል በሚመጣ ማዳበሪያ ለመተካት ይገደዳል። በያዩ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ እንዲሠራ ታስቦ የተጀመረው ፋብሪካ ሳይፈጸም ቀርቷል፤ በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በጎዴ ከተፈጥሮ ጋዝ ማዳበሪያ ለሚሠራ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍግ በምድጃ እየነደደ ማዳበሪያ በፋብሪካ ቢሠራ፣ በአንድ እጅ እየሰጡ በሌላው እንደ መንሣት ነው።

ታዲያ የድንጋይ ከሰል ወደ ደገኛው ቤት ቢገባስ የሚል ይኖር ይሆናል። ጭስ መውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማንደድ ግን ሰውን በመርዝ ጭስ ለሞት ማጋለጥ ነው። ከሰሉ ከቤት ርቆ በማመንጫ ቢነድም፣ ኃይሉ ከውሃም ይምጣ ከከሰል፣ ፍላቂት የሚደርሰው በሽቦ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ላሊበላን የመሰሉ ከተሞች ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ የቆዩት መስመሩ ተቋርጦ እንጂ የወንዙ ውሃ ጎድሎ አይደለም።

ስለዚህ የአገር ኃይል ዋስትና የሚለካው በማመንጫው በር ብቻ ሳይሆን በምድጃው አጠገብ ነው። በገጠር የፀሐይ መብራት መሰጠቱ ለተማሪውና ለዳዊት ደጋሚው ብርሃን ሆኖለታል፤ እንጀራ ግን አይጋግርም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ኃይል ይፈልጋል። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ በአንድ ጧት ምጣዳቸውን ቢጥዱ፣ ለመብራት ብቻ ታስቦ የተተከለ ትራንስፎርመር አይችለውም። ምሰሶና ሽቦ ዘርግቶ መንደሩ መብራት አገኘ ብሎ መመዝገብ ሥራውን በከፊል መፈጸም ነው።

እንግዲህ የሚገባው ሥርዓት ይህ ነው። የድንጋይ ከሰል ሌላ ነገር እስኪተካው ድረስ በሲሚንቶ እቶን ይንደድ፤ የሚቆፈርበትም መሬት ጉድጓዱ ተደፍኖ ለባለ አገሩ ይመለስ። ለውሃው መጉደል መጠባበቂያ ነፋስ፣ ፀሐይና የምድር እንፋሎት ይሁኑ፤ ይልቁንም ነፋስ የሚበረታው ወንዙ በሚያንስበት በበጋ ወራት ነውና። ከግድቡ ለሚመጣው ኃይል ደግሞ ምጣድ የሚሸከም መስመር፣ አንዱ ሲቆረጥ የሚተካ ሁለተኛ መስመር፣ ድኻው ምጣድ የሚገዛበት ብድር ይዘጋጅ። ይህ እስኪደርስ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በየቤቱ ይግባ።

ሹማምንት ይህን በበጀትና በቍጥጥር፣ ካህናትም በቃልና በምሳሌ ሊያግዙ ይችላሉ። በላስታና በመቄት ደጋ የጥንቱ ጽድና ወይራ የተረፈው በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ዛፍን ከመጥረቢያ ያዳነው ትምህርት ፍግንም ከእሳት ሊያድን ይችላል። ውሃዋን ለአገር ብርሃን የሰጠች ደጋ አፈሯን ለምድጃ መገበር አይገባትም።