ያየ ሰው ሲጽፍ

የደብረ ማርቆሱ ተወላጅ ተመስገን ገብሬ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ልብ ወለዱ «የጉለሌው ሰካራም» ነው። እኔ ግን ለጋዜጠኛ የማስቀድምለት ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ የታተመውን ግለ ታሪኩን፣ «ሕይወቴ»ን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 በአዲስ አበባ የተጀመረውን የፋሺስት ጭፍጨፋ ተመስገን የጻፈው ከሰው ሰምቶ አይደለም፤ በመካከሉ ነበረ፣ ተርፎም መሰከረ። ዛሬ ግን ከትውልድ አገሩ ከጎጃም የሚደርሰን ዜና አብዛኛው «ተገለጸ»፣ «ተባለ» እያለ ከስብሰባ አዳራሽ ይነሣል። ማን አየ? ገበሬውስ ምን አለ? ውርጭ መታው የተባለውን የገብስ ማሳ ማን ረገጠው? ይህን የሚመልሰው የጮቄን ተራራ ዳገት ወጥቶ፣ ከባለ ማሳው ጋር ውሎ ያደረ ዘጋቢ ብቻ ነው። አዘጋጆች ከስብሰባው አበል ቀንሰው ለዚህ የሁለት ቀን መንገድ ይመድቡ።