ስም በመዝገብ

ሽማግሌ ፊት ያለቀ ጉዳይ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ሊቀር ይችላል፤ ፍርድ ቤት የደረሰ ግን ስም ይዞ ይጻፋል። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የባልና ሚስት ጠብም ሆነ የድንበር ክርክር አስቀድሞ ሽማግሌ ዘንድ የሚቀርብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መዝገብ የተከፈተበት ነገር በፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር ይለጠፋል። ቀጠሮውን ለማየት ጣቱን በዝርዝሩ ላይ የሚያወርድ ሰው የጎረቤቱንም ስም ማንበቡ አይቀርም።

ስሜ ይጋለጣል የሚለው ስጋት በከንቱ የመጣ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ግልጽ ችሎትን፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፤ ሁለቱን ማስታረቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ከሆነ ወዲህ ውሳኔዎቹ በቅጽ እየታተሙ ወጥተዋል። ዳኝነቱ እንዴት እንደተሰጠ ማንም አንብቦ መመርመር መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና በፍቺና በውርስ የተካሰሱ ሰዎች ስምም አብሮ ታትሟል። ስማቸው ለሕግ ትርጉሙ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ በመነሻ ፊደል ቢተካ ይበቃል።

አሻራ ሲሆን የሰው ስሜት ይለያል። ለሥራ ወይም ለጉዞ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ተሰልፎ አሻራውን ይሰጣል፤ ጥቅሙን ያውቀዋልና። ለፋይዳ መታወቂያም አሥር ጣቱን፣ የዓይኑን ብሌንና ፊቱን ያስመዘግባል። ስጋቱ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠው አሻራ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይጠይቃል፤ ለባለቤቱም ስለ ራሱ የተያዘውን አይቶ ስህተቱን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። ቁጥጥሩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው «ፋይል አለበት» የሚለው ቃል ነው። ሰፈሩ ተከሳሽንና ፍርደኛን አይለይም፤ በነፃ የተሰናበተውም ቤት ሲከራይ፣ ሥራ ሲጠይቅ ቃሉ ይከተለዋል። መዝገቡ ራሱ ይህን ልዩነት ካላሳየ ሰፈሩን መውቀስ አይቻልም። ስለዚህ የክሱ መረጃ በተያዘበት ቦታ ሁሉ በነፃ መሰናበቱም ሊጻፍ ይገባል። ቅጣቱን የጨረሰ ሰውም የወንጀል ሕጉ የሚጠይቀውን ጊዜና ሁኔታ ካሟላ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል፤ የተሰረዘውም ከእያንዳንዱ መዝገብ መውጣት አለበት።