«ታድለው» አንበል

የኖርዌይ ሀብት በተነሳ ቁጥር አፋችን ላይ የሚቀድመው ቃል «ታድለው!» ነው። ባህራቸው ሥር ነዳጅ ተገኘላቸው፣ ቀድተው ሸጡ፣ ከበሩ፤ አለቀ። ይህ ወሬ ለእኛ አይዋጥልንም። ለምን ቢሉ፣ እስቲ ትሮል የሚባለውን የነዳጅ ስፍራ እንይ።

ትሮል ከበርገን ከተማ በስተምዕራብ፣ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ባህር ወለል በታች ይገኛል። በፈረንጆች 1979 ሲገኝ በጋዙ ብዛት ነበር የተወራለት። ድፍድፍ ነዳጁ በጋዝና በውሃ መካከል የተኛ ስስ ንጣፍ ነው፤ ውፍረቱ በአንዱ ክፍል ከ22 እስከ 26 ሜትር፣ በሌላው ከ11 እስከ 13 ሜትር ገደማ ነበር። ቀጥ ብሎ የወረደ ጉድጓድ ንጣፉን ወጋ አድርጎት ያልፋል፤ ብዙም ሳይቆይ በነዳጅ ፋንታ ጋዝና ውሃ ይስባል።

መላው ጉድጓዱን በንጣፉ ውስጥ አግድም ማስኬድ ሆነ፤ ያውም መንገዱን እያዩ። ከመሰርሰሪያው ኋላ የተገጠሙ መሣሪያዎች አለቱን ይለካሉ። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ነዳጅ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ልኬቱ ሲለወጥ ጉድጓዱ ወደ ውሃው መጠጋቱ ይታወቃል። መረጃው በቁፋሮው ጭቃ ውስጥ በግፊት ምት ወደ ላይ ይላካል፤ ባለሙያዎቹም እዚያው በዚያው «ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ» እያሉ አቅጣጫውን ያርማሉ። በ1995 ትሮል ነዳጅ መስጠት ጀመረ።

ታዲያ ይህ ዕድል ነው? የኖርዌይ ፓርላማ በ1971 ነዳጁ በአገር ቁጥጥር ሥር እንዲሆን መርህ አስቀመጠ፤ በ1972 የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ተቋቋመ፤ የውጭ ኩባንያዎችም ምርምራቸውን እዚያው አገር እንዲያካሂዱ ተገፋፉ። ስሱን ንጣፍ የሚያነብ ዓይን የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

«ነዳጅ ዓለምን እያሞቀ አይደለም ወይ?» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። ይህ ችሎታ ባይኖር ከባህር ሥር ይቀር የነበረ ብዙ ነዳጅ ወጥቶ ተቃጥሏል። እኛም «ታድለው» የሚለውን ቃል የጠላነው ለዚህ ጭምር ነው። ዕድል አይመሰገንም፣ አይወቀስምም። ቃሉ የባለሙያዎቹን ልፋት ከሰረዘ በኋላ ዕዳቸውንም አብሮ ይሰርዝላቸዋል።

ነዳጁን እዚያ ያስቀመጠው ተፈጥሮ ነው። ሜትር በሜትር ተከታትሎ ያወጣው ግን ሰው ነው፤ ምስጋናውም ወቀሳውም ለእሱ ይድረስ።