ቅዱስ ስለሆነ አልቀርብም?

 

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የጌታን እራት የምንወስደው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው። ሽማግሌዎቹ ትሪውን ይዘው በየረድፉ ሲያልፉ እኔ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ እጸልያለሁ። (የፓስተር ሚስት ዓይኗን ካልጨፈነች የሚታዘባት አይጠፋም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) በአንዱ እሑድ ግን የትንሿ ልጄ የጫማ ክር ተፈትቶ ላስርላት ጎንበስ ብዬ ቀና ስል፣ ኋላ ወንበር ላይ አንዲት እህት አየሁ። ትሪውን ከግራዋ ተቀበለች፤ ለቀኟ አሳለፈች። ለራሷ አላነሣችም። በሚቀጥለው ወር ሆን ብዬ አየሁ፤ እንደዚያው። በሦስተኛው ወር ቡና ጠራኋት።

ይህች እህት ከዓረብ አገር ከተመለሰች ብዙ ጊዜዋ አይደለም። እዚያ ስለደረሰባትና እርሷም አደረግሁ ስላለችው ነገር ያጫወተችኝን እዚህ አልጽፍም። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ የጠራኋትን ጉዳይ አነሣሁ። አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ እሱ እኮ ቅዱስ ነው። እኔ ደግሞ ገና አልጸዳሁም። እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?» አለችኝ።

ስኒው እጄ ላይ ቀረ።

እርሷ ከሄደች በኋላ ደብተሬን አወጣሁ። በእህቶች ፕሮግራም ላይ «ቅድስና» ብዬ ያስተማርኩት ትምህርት እዚያው ነበር። 11 ነጥቦች አሉት። ስለ አለባበስ፣ ስለ ጸጉር፣ ስለ ሐሜት፣ ስለ ተከታታይ ድራማ፣ ስለ ጎረቤት ቤት ማዘውተር። ሐሰት የሆነ ነጥብ አላገኘሁበትም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ እግዚአብሔር የተጠራው በመክፈቻውና በመዝጊያው ጸሎት ብቻ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩ ሴት፣ ስለ ቅድስና አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምሬ ስለ ቅዱሱ አንድም ነገር ሳልናገር ወጥቻለሁ።

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ቃሉን እስቲ እንየው። በዕብራይስጥ «ቃዶሽ» ይባላል፤ የእኛው «ቅዱስ»፣ «መቅደስ»፣ «ቅድስና» የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው። የተለየ፣ ከሌላው ሁሉ የተነጠለ ማለት ነው። እንግዲህ እግዚአብሔር ቅዱስ የሆነው ሕግ ስለሚጠብቅ አይደለም። ለእርሱ ሕጉን ማን ያወጣለታል? እርሱ ቅዱስ የሆነው እርሱን የሚመስል ስለሌለ ነው። በንጽሕናው ብቻ ሳይሆን በምሕረቱም ጭምር። በትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 11 ቁጥር 9 ላይ እግዚአብሔር ኤፍሬምን የማያጠፋበትን ምክንያት ሲናገር፣ አምላክ እንጂ ሰው ባለመሆኑና በመካከላቸው ያለ ቅዱስ በመሆኑ ነው ይላል። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ! እኛ ቅዱስ ስለሆነ ይቆጣል እንላለን፤ እርሱ ግን ቅዱስ ስለሆነ እንደ ሰው በቍጣው እንደማይጨክን ይናገራል።

ኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ሁላችንም የምናውቀው ክፍል ነው። ሱራፌል ፊታቸውንና እግራቸውን በክንፋቸው ሸፍነው ቅዱስ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ይደጋግማሉ። ነገር ግን የመጀመሪያዋን ሐረግ አንዝለላት። ራእዩ የታየው ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ740 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ዖዝያን 52 ዓመት የነገሠ ታላቅ ንጉሥ ነበረ። በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየና ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ዕጣን ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ። ዓዛርያስና ሌሎች 80 ካህናት ተቃወሙት፤ ሲቆጣቸው ለምጽ በግምባሩ ላይ ወጣ። እስኪሞት ድረስ በተለየ ቤት ተቀመጠ። (2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26ን አንብቡ።)

ኢሳይያስ በዚያ ዓመት ነው ጌታን ያየው። በሕጉ መሠረት ለምጻም ሰው ከንፈሩን ሸፍኖ ርኩስ መሆኑን እየጮኸ መናገር ነበረበት፤ ዘሌዋውያን 13 ላይ ተጽፏል። ኢሳይያስም ወዮልኝ ብሎ የከንፈሩን ርኩሰት ሲናገር እኔ የዖዝያን ግምባር ይታየኛል። እኔም አለቀልኝ፣ ልባረር ነው ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከሱራፌል አንዱ ፍም ይዞ በረረ። ያውም እርሱ ራሱ በጉጠት ነው የያዘው! ፍሙም ከመሠዊያው የመጣ ነው። የረከሰውን ከንፈር ነካው፤ ኃጢአቱም ተወገደ። ኢሳይያስ ከንፈሩን አጽድቶ አልመጣም።

ታዲያ ቅዱስ ነገር ርኩስን ሲነካ የሚረክሰው ማን ነው? ነቢዩ ሐጌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ዓመት ይህንኑ ካህናቱን ጠይቋቸው ነበር (ምዕራፍ 2)። የተቀደሰ ሥጋ የያዘ የልብስ ዘርፍ ሌላ ምግብ ቢነካ፣ ምግቡ ይቀደሳልን? አይቀደስም አሉት። ሬሳ የነካ ሰው ምግቡን ቢነካውስ? ይረክሳል አሉ። የቤት እመቤቶች ይህን ያለ ሐጌም እናውቀዋለን። አንድ ጊዜ የላምባ ጠርሙስ ከዱቄት አጠገብ አስቀምጬ፣ ክዳኑ ላልቶ ስንት ኪሎ የጤፍ ዱቄት አበላሸብኝ። ዱቄቱ ላምባውን አላጠራውም።

አሁን ማርቆስ ምዕራፍ 5ን ክፈቱ። ያቺ ሴት 12 ዓመት ደም ሲፈስባት ኖራለች። በሕጉ የተኛችበት አልጋ ርኩስ ነው፤ የነካው ሰው እስከ ማታ ርኩስ ነው። ከኋላ ተሸሽጋ መጥታ ልብሱን ነካች፤ ማቴዎስና ሉቃስ የነካችው ጫፉን እንደነበረ ይነግሩናል። በካህናቱ መልስ ብንሄድ ርኩሰቷ ወደ ኢየሱስ ማለፍ ነበረበት። ኃይል ግን ከእርሱ ወደ እርሷ ወጣ። ይህ ልብስ ሐጌ ከጠየቀው ልብስ የተለየ ነው! በምዕራፍ 1 ላይም ለምጻሙን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፤ ለምጹ ለቀቀው እንጂ ኢየሱስ ለምጻም አልሆነም።

ቅድስናን አቃለለች የሚለኝ ወገን ይኖራል። አላቃለልኩም። ፍም ፍም ነው፤ ያቃጥላል። የኢሳይያስ ኃጢአት ተወገደ እንጂ ችላ አልተባለም። ባለቤቴም ነገሩን ስነግረው፣ «ታዲያ ያንን ገጽ ልትቀጂው ነው?» አለኝ። አልቀደውም። ቦታውን ነው ያበላሸሁት። በዘጸአት ምዕራፍ 20 ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት እግዚአብሔር ከግብፅ ያወጣቸው እርሱ መሆኑን ይናገራል። ባሕሩ የተከፈለው በሲና ሕጉ ከመሰጠቱ በፊት ነው። እኔ ግን ያቺን እህት ገና ግብፅ ሳለች ሕጉን ጨርሰሽ ነይ ብያታለሁ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልነገርኳትም። ለብዙ ሐሙሶች ቡና አፍልተን አንድ አንዱን ክፍል አብረን አነበብን። ይቅርታም ጠየቅኋት፤ ደነገጠች። የቆሮንቶሱን ክፍል (1ኛ ቆሮንቶስ 11፥28) ስናነብ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆየች። ጳውሎስ ሰው ራሱን መርምሮ ይቅር አላለም፤ መርምሮ ይብላ ነው ያለው። «መርምሮ መቅረት መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ባለፈው ወር የመጀመሪያ እሑድ ትሪው ኋላ ወንበር ሲደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ያዘችው። ከጎኗ ያሉት እናት እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቋታል። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ጨፈንኩ።