ስም የዘር ሐረግ ሲሆን፦ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሴት ተማሪዎች ማኅበራት በር የሚከፈተው ለማን ነው?

በየዓመቱ በነሐሴ ወር፣ ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት በተስካሉሳ ከተማ ከ2,000 የሚበልጡ ወጣት ሴቶች ከአንዱ ትልቅ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ይሰነብታሉ። አብዛኞቹ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎች ናቸው። የሚሹትም ሶሮሪቲ ተብለው ከሚጠሩት የሴት ተማሪዎች ማኅበራት የአንዱ አባል ሆኖ መመረጥን ነው።

ይህ ዓመታዊ ምልመላ እአአ በ2021 በቲክቶክ አማካኝነት ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ወጥቶ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። ሚሊዮኖች የወጣቶቹን አለባበስ፣ ጌጥና የአነጋገር ለዛ ተመለከቱ። ከልብሱና ከጌጡ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ግን ስማቸው ነው። አንዳንዷ ሜሪ ካትሪን ወይም አና ግሬስ ተብላ በድርብ ስም ትጠራለች። ሌላዋ ደግሞ ኮሊንስ፣ ሰተን ወይም ካምቤል ትባላለች፤ እነዚህ በሌላው የአሜሪካ ክፍል በአብዛኛው የቤተሰብ መጠሪያ ሆነው የሚታወቁ ስሞች ናቸው።

በአማርኛ "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይባላል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ግን ነባር ቤተሰቦች ለሴት ልጃቸው ስም ሲያወጡ የሚያማክሩት በአብዛኛው የዘር ሐረጋቸውን ነው። ማኅበራቱ ለአባላት ልጆችና የልጅ ልጆች ይሰጡት የነበረውን ቅድሚያ በደንብ ደረጃ እየሰረዙ ባለበት በአሁኑ ወቅት፣ ይህ ልማድ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። የቤተሰብ ዝምድና ከማመልከቻ ቅጹ ላይ ቢፋቅ፣ ከስም ላይስ ይፋቃል?

የእናት ወገን የሚቀመጥበት ስፍራ

በአሜሪካ ልማድ አብዛኞቹ ሴቶች ሲያገቡ የአባታቸውን ቤተሰብ ስም ትተው የባላቸውን ይይዛሉ። ልጆችም የሚጠሩት በአባት ቤተሰብ ስም ነው። በዚህ አካሄድ የእናት ወገን ስም በአንድ ትውልድ ይጠፋል።

የደቡብ ቤተሰቦች ለዚህ ያበጁት መላ የእናትን የቀድሞ የቤተሰብ ስም ለልጅ መጠሪያ ወይም መካከለኛ ስም አድርጎ መስጠት ነው። ያገባችው ሴትም ብትሆን የአባቷን ቤተሰብ ስም ከመሐል አስገብታ ታቆየዋለች። አላባማን በአገሪቱ ሴኔት የሚወክሉት ኬቲ ቦይድ ብሪት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ቦይድ ከጋብቻ በፊት የነበራቸው የቤተሰብ ስም ነው።

ከልማዱ መውጣት በፖለቲካም ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሂላሪ ሮድሃም ባለቤታቸው ቢል ክሊንተን የአርካንሶ ገዥ በሆኑበት ወቅት በራሳቸው የቤተሰብ ስም መጠራታቸው ብዙ መራጮችን አላስደሰተም። ክሊንተን እአአ በ1980 ተሸንፈው በ1982 ዳግም ሲወዳደሩ፣ ባለቤታቸው ክሊንተን የሚለውን ስም ተቀብለው ሮድሃምን ወደ መሐል አዛወሩት።

የሥነ ጽሑፍ ዓለም ከሚያውቃቸው የደቡብ ስሞች መካከል የደራሲዋ የሃርፐር ሊ ቤተሰብ ስሞች ይህን ልማድ በሚገባ ያሳያሉ። እአአ በ1926 በአላባማዋ ሞንሮቪል ከተማ የተወለደችው ደራሲ ሙሉ ስሟ ኔል ሃርፐር ሊ ነበር። ኔል የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ፣ ኤለን የሚለው የአያቷ ስም ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ የሚገኝ ነው። ሃርፐር ደግሞ የእህቷን ሕይወት ያተረፈው ሐኪም የቤተሰብ ስም ነው። የታላቅ እህቷ የአሊስ መካከለኛ ስም ፊንች ሲሆን፣ ይህም እናታቸው ከማግባቷ በፊት የምትጠራበት ነበር። ደራሲዋ በ1960 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ለታወቀው ጠበቃ ገጸ ባሕርይ የሰጠችው ይህንኑ የእናቷን ወገን ስም ነው። ሃርፐር ሊ ራሷም በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ሳለች የካይ ኦሜጋ ሶሮሪቲ አባል ነበረች።

እንዲህ ያለ ስም ለባዕድ ጆሮ ከድምፅ ያለፈ ትርጉም ላይኖረው ይችላል። ለአካባቢው ሰው ግን የእነማን ልጅ እንደሆነች፣ እናቷ ከየትኛው ቤት እንደመጣች፣ አንዳንዴም ከየትኛው አውራጃ እንደሆነች ይናገራል።

ምልመላው እንዴት ይካሄዳል?

ሶሮሪቲዎች ከደቡብ ጋር ያላቸው ቁርኝት የቆየ ነው። ከቀደምቶቹ ሁለቱ፣ አልፋ ዴልታ ፓይ እና ፋይ ሙ፣ በቅደም ተከተል እአአ በ1851 እና በ1852 የተመሠረቱት በጆርጂያዋ ሜከን ከተማ በሚገኘው የዌስልያን የሴቶች ኮሌጅ ነው። ዛሬ በብሔራዊ ጥላ ምክር ቤታቸው ሥር በርካታ ማኅበራት ተሰባስበዋል።

በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ምልመላው ከሳምንት በላይ ይወስዳል። አመልካቿ ፎቶግራፏን፣ የትምህርት ውጤቷንና የተሳትፎ ታሪኳን አስቀድማ ትልካለች። ከዚያም በየዙሩ ከየማኅበሩ አባላት ጋር አጭር ጭውውት ታደርጋለች። ማኅበራቱ ከየዙሩ በኋላ ዝርዝራቸውን ያጣራሉ፤ አመልካቿም ምርጫዋን በቅደም ተከተል ታስቀምጣለች። በመጨረሻው ቀን ሁለቱ ዝርዝሮች ተዛምደው የአባልነት ጥሪ የያዘው ፖስታ ይከፈታል። አባልነቱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ክፍያ ይጠይቃል።

ለረዥም ዘመን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ደረጃ ነበር። የቀድሞ አባላት የሆኑ ሴቶች ስለ አመልካቿ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋሉ። እናቷ ወይም አያቷ የማኅበሩ አባል የነበረች አመልካች ደግሞ "ሌጋሲ" ተብላ ልዩ ትኩረት ታገኝ ነበር። ስለዚህ አንዲት ወጣት የማኅበሩን ደጃፍ ከመርገጧ በፊት፣ የትውልድ ከተማዋ ሴቶች ስለ እርሷ ተነጋግረው ጨርሰዋል።

በስም ብቻ የሚመርጥ ደንብ አለ ማለት አይደለም። ስም የሚያደርገው ጭውውቱን መጀመር ነው። "የእገሌ ልጅ ነሽ እንዴ?" የሚለው ጥያቄ የአሥር ደቂቃውን ቆይታ ከትውውቅ ወደ ዘመድ ጥየቃ ይለውጠዋል። ይህ ጥያቄ የማይነሳላት ወጣት ግን እንግዳነቷን በራሷ አንደበት ማስረሳት ይጠበቅባታል።

የአንድ ስም ሁለት ታሪክ

በደቡብ የቤተሰብ ስም ስለ ዘር ግንድ ሲናገር ስለ ባርነትም ይናገራል። ባርነት እአአ በ1865 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲወገድ፣ በርካታ ጥቁር ቤተሰቦች የያዙት ወይም የመረጡት የቤተሰብ ስም የቀድሞ ባሪያ አሳዳሪዎች ስምም ነበር። በዚህም ምክንያት በአንድ አውራጃ ውስጥ አንድን የቤተሰብ ስም ነጮችም ጥቁሮችም ይጋሩታል። ለአንደኛው ወገን ያ ስም የቅድመ አያት ርስት መታሰቢያ ነው፤ ለሌላኛው ደግሞ በዚያው ርስት ላይ የተሠራ የግፍ ሥራ ምስክር። ልጅን በቤተሰብ ስም የመሰየም ልማድ ክብር የሚሆነው፣ ያ ስም ለቤቱ ሀብትና ዝና ይዞ ከመጣ ነው።

የአላባማ ዩኒቨርሲቲም የዚህ ታሪክ መድረክ ነበር። እአአ ሰኔ 1963 አገረ ገዥው ጆርጅ ዋላስ ጥቁር ተማሪዎቹ ቪቪያን ማሎን እና ጄምስ ሁድ እንዳይመዘገቡ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ያ በር በፌዴራል መንግሥት ትዕዛዝ ተከፈተ። የሶሮሪቲዎቹ በር ግን ከዚያ በኋላም ለ50 ዓመታት ያህል ለጥቁሮች እምብዛም ሳይከፈት ቆየ።

እአአ መስከረም 2013 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጋዜጣ ክሪምሰን ዋይት፣ ከፍተኛ የትምህርት ውጤት ያላት ጥቁር አመልካች በነጮች ማኅበራት ተቀባይነት እንዳታገኝ የቀድሞ አባላት ጣልቃ መግባታቸውን አጋለጠ። እንደ ጋዜጣው ዘገባ፣ የአንዱ ማኅበር ወጣት አባላት አመልካቿ ለምን እንደተተወች ሲጠይቁ ያገኙት ምላሽ የድጋፍ ደብዳቤ መስፈርት አላሟላችም የሚል ነበር። ስለ ቆዳ ቀለም የሚናገር ደንብ አልነበረም። የደብዳቤው መስፈርት ብቻውን በቂ ሆኖ ተገኘ፤ ደብዳቤ የሚጽፉት ሴቶች ለትውልዶች የሚተዋወቁት እርስ በርሳቸው ነበርና። ተማሪዎችና መምህራን ሰልፍ ወጡ፤ የዩኒቨርሲቲው አመራርም ምልመላው እንደገና እንዲከፈት አዘዘ። በቀናት ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች የአባልነት ጥሪ ደረሳቸው።

ጥቁር ሴቶች ግን እስከዚያ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። የመጀመሪያው የጥቁር ሴቶች ሶሮሪቲ አልፋ ካፓ አልፋ እአአ በ1908 በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቷል። የቀድሞዋ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት ካማላ ሃሪስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የተቀላቀሉት ይህንን ማኅበር ነው። በእነዚህም ማኅበራት አባልነት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ቤት ጥቂት አይደለም። ይህም የዘር ሐረግ ኩራት የአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ልዩነቱ አንደኛው ሐረግ በተዘጋ በር ውስጥ፣ ሌላኛው ደግሞ ከበሩ ውጭ መብቀሉ ነው።

ደንቡ ሲሰረዝ የሚቀረው

እአአ ከ2020 ወዲህ፣ የጆርጅ ፍሎይድን ግድያ ተከትሎ በተነሳው የዘር ፍትሕ ንቅናቄ ግፊት፣ በርካታ ብሔራዊ ሶሮሪቲዎች ለአባላት ልጆች ይሰጡት የነበረውን ቅድሚያ ሰርዘዋል። የድጋፍ ደብዳቤን ግዴታ ከመሆን ያስቀሩም አሉ። በዩኒቨርሲቲ ቅበላ ረገድም ቨርጂኒያ እአአ በ2024 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ለቀድሞ ተማሪዎች ልጆች ቅድሚያ መስጠትን በሕግ አግዳለች።

በአንጻሩ በዚያው ዓመት አላባማ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ብዝኃነትንና አካታችነትን የሚያራምዱ ቢሮዎችን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። የአላባማ ዩኒቨርሲቲም የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት ይገለገልበት የነበረውን ቢሮ ዘግቷል። የዝምድና ቅድሚያ ከደንብ በወጣበት ወቅት፣ መገለልን ለመታገል የቆሙ ተቋማትም አብረው እየተዳከሙ ነው።

ደንብ ቢሻር እንኳ ስም ሥራውን እንደማይተው የሚያሳይ ጥናት አለ። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እአአ በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተንና በቺካጎ ለሚገኙ ቀጣሪዎች በሌላ በሌላው ተመሳሳይ የሆኑ፣ በስም ብቻ የሚለያዩ የሥራ ማመልከቻዎችን ልከው ነበር። የነጮች በሚመስሉ ስሞች የተላኩት ማመልከቻዎች የጥቁሮች በሚመስሉት ከተላኩት 50 በመቶ የሚበልጥ ምላሽ አገኙ። ቀጣሪዎቹ ማንንም በአካል አላዩም፤ ያዩት ስም ነው።

ስም ብቻውን ዋስትና የማይሆንበት ጊዜ መምጣቱም እውነት ነው። ሃርፐር እአአ በ2010ዎቹ በመላው አሜሪካ ለሴት ልጆች ከሚሰጡ 10 ቀዳሚ ስሞች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ዛሬ ሃርፐር የምትባል ልጅ የሞንሮቪል ቤተሰብ ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ወላጆቿ ስሙን ከመጽሐፍ ሽፋን ላይ ወደውት ሊሆንም ይችላል። ስሙ ሲስፋፋ ግን "የየትኞቹ ናት?" ለሚለው መልስ ያላቸው የቀድሞ አባላት ሚና አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል።

ይህ ጉዳይ በደቡቡ ለሚያድጉ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ልጆችም ባዕድ አይደለም። በጆርጂያ፣ በተለይም በአትላንታና በአቅራቢያዋ ባለችው ክላርክስተን፣ በርካታ የአፍሪካ ቀንድ ተወላጆች ይኖራሉ። በእነርሱ ባህል ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚመጣውም የአባት መጠሪያ ስም ነው። በአሜሪካ ቅጽ ላይ ግን ያ የአባት ስም "የቤተሰብ ስም" ይሆናል፤ እናትና ልጅም በተለያየ ስም ይመዘገባሉ። እነዚህ ልጆች እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥረው ሊናገሩ ይችሉ ይሆናል። በተስካሉሳ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ግን ያንን ቆጠራ የሚያውቅላቸው የለም።

ማኅበራቱ ስለ አመልካቾች የሚያደርጉትን ውይይት ለሕዝብ ይፋ አያደርጉም። እአአ በ2013 የሆነው የታወቀው አባላት ራሳቸው አፍ አውጥተው በመናገራቸው ነው። ያኔ ቢያንስ ጣት የሚቀሰርበት መስፈርት ነበር። ዛሬ መስፈርቱ ከወረቀት ላይ እየጠፋ ነው፤ የሚያውቁትን ማስቀደም ግን ወረቀት አይፈልግም። ለውጡ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክረው የተሰረዘው ደንብ ብዛት ሳይሆን፣ እናቷን ማንም በማያውቅበት ቤት ስሟን ተናግራ የአባልነት ጥሪ ይዛ የምትወጣ ወጣት ቁጥር ነው።